ፍላጅል ውሃ አይተካም

የዛሬው ጽሑፍ ከሁሉ በፊት ለሐይቅ፣ ለአምባሰልና ለአካባቢው ቤተሰቦች ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም አንብቡት፤ ችግሩ ከእናንተም ቤት አይጠፋም። ከወትሮው ይረዝማል፣ ከወትሮውም ቆጣ ይላል። ቁጣው በእናንተ ላይ ብቻ አይደለም፤ እኛን ባለሙያዎቹንም ይነካል።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። የ1 ዓመት ልጃችሁን ከትናንት ማታ ጀምሮ አስቀመጠው፣ አስመለሰው እንበል። ሲነጋ መጀመሪያ የምትሄዱት የት ነው? ብዙዎቻችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ፦ መድኃኒት ቤት። ልጁን ቤት ትታችሁ፣ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ «ሆዱን አሞት ነው፣ የልጅ ፍላጅል ስጠኝ» ትላላችሁ። ሻጩ ልጁን አላየውም። ዓይኑ ጎድጉዶ እንደሆነ፣ ጡት መጥባት አቁሞ እንደሆነ አያውቅም። ሽሮፑን ይሰጣችኋል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ እናንተም «ታከመ» ብላችሁ ትመለሳላችሁ።

አልታከመም። ልጁ ያጣው ውሃና ጨው ነው፤ የተሰጠው ደግሞ መራራ ሽሮፕ ነው።

ልናገር የፈለግሁት ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፦ በሆድ ሕመም ስም የምንገዛው ግምት ልጆቻችንን በሁለት በኩል ይጎዳል። ሕፃኑ የሚያድነውን ፈሳሽ ሳያገኝ ጊዜው ያልፋል። ትልቁ ልጅ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ያመጣው እውነተኛ በሽታ ሳይታወቅለት ዓመታት ይቆያል።

■ ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው በምንድን ነው?

አጣዳፊ ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ከሁሉ በላይ የሰውነቱን ፈሳሽ በማሟጠጥ ነው። አንድ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1 ሊትር ፈሳሽ ካጣ ከክብደቱ 10 በመቶውን አጣ ማለት ነው። ይህ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ነው፤ ለሕይወት ያሰጋል። ብዙ ጊዜ ለሚያስቀምጠውና ለሚያስመልሰው ሕፃን ደግሞ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ተቅማጡን የሚያመጣውስ ማነው? በሕፃናት ላይ ውሃ መሰል ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ዋነኛው ሮታ ቫይረስ ይባላል። አገራችን በ2006 ዓ.ም. የሮታ ክትባትን ከመደበኛ የሕፃናት ክትባቶች ጋር የጨመረችው ለዚህ ነው። በአፍሪካና በእስያ 7 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ከመካከለኛ እስከ ከባድ ተቅማጥ ላለባቸው ሕፃናት ዋና ምክንያት ሆነው ያገኛቸው 4 ናቸው፦ ሮታ ቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ ሺጌላ እና አንድ የኢ. ኮላይ ዓይነት።

አሁን ልብ በሉ። ፍላጅል ከነዚህ 4 አንዱንም አያድንም። አንዱንም!

■ «ፍላጅል ሲወስድ ግን ተሻለው»

ይህን ሁልጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ተሻለው። ግን አብዛኛው ውሃ መሰል ተቅማጥ በጥቂት ቀናት፣ ብዙ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው በራሱ ያቆማል። እናንተ ሽሮፑን የጀመራችሁት በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ነው። ሊያቆም ሲል ደረሳችሁለትና ምስጋናውን ፍላጅል ወሰደው። ዶሮ ባይጮኽም ይነጋል።

«ቢሆንስ፣ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ይጎዳል። ፍላጅል መራራ ነው፤ ያቅለሸልሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል። በዚያች ሰዓት ልጁ መጠጣትና መብላት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ እኛ ግን የሚያስመልሰውን ነገር በማንኪያ ጋትነው። ከፍላጅሉ ጋር ሳይታዘዝ የሚሰጠው ባክትሪም ወይም አሞክሲሲሊን ደግሞ ጀርሞችን ያለማምዳል፤ ነገ ልጁ በእውነት ሲፈልገው መድኃኒቱ አይሠራለትም።

■ «በምርመራ አሜባ ተገኝቶበታል»

ወረቀቱን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አከብራለሁ፤ ግን ሙሉውን ልንገራችሁ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የአሜባ እንቁላል መሰል ቅርፊት ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ በሽታ ያመጣል፤ ሌላው፣ ዲስፓር የሚባለው፣ አንጀት ውስጥ ሳይጎዳ ይኖራል። ሁለቱ በማይክሮስኮፕ መልካቸው አንድ ነው። ስለዚህ «አሜባ ታየ» ማለት «ልጁን ያሳመመው አሜባ ነው» ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለልጅ የአሜባ ሕክምና ስጡ የሚለው ደም ባለበት ሰገራ ውስጥ ቀይ የደም ሴል የዋጠ ሕያው አሜባ ሲታይ ወይም የሺጌላ ሕክምና ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ሰገራው ደም ካለውስ? በልጆች ላይ ደም የቀላቀለ አጣዳፊ ተቅማጥ በአብዛኛው ሺጌላ ነው። ሌላ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፤ የሚያዘውም ልጁን ያየ ባለሙያ ነው። ተቅማጡ ሳምንታት የቆየ፣ ልጁ የከሳ፣ ሆዱ የሚነፋና ሰገራው ውስጥ ጃርዲያ የታየ እንደሆነ ደግሞ ፍላጅል ትክክለኛ መድኃኒት ነው። እኔ የፍላጅል ጠላት አይደለሁም። ያለቦታው መጠራቱን ነው የምቃወመው።

■ ኦአርኤስ ለምን ተናቀ?

በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ነገር መድኃኒት አይመስለንም። ሁለተኛ፣ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። እናት ትሰጣለች፣ ልጁ እንደገና ያስቀምጠዋል፣ «አልሠራም» ብላ ትተወዋለች። ይህን አለመናገራችን የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው። የኦአርኤስ ሥራ ተቅማጥ ማቆም አይደለም፤ የወጣውን መመለስ ነው። ልጁ እያስቀመጠውም ቢሆን ዓይኑ ከጠራ፣ ሽንቱ ከመጣ፣ ከተጫወተ ሠርቷል።

እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የታመመ አንጀትም ቢሆን አንድ በር ክፍት ይቆይለታል። በዚያ በር ስኳርና ጨው አብረው ይገባሉ፤ ውሃም እነሱን ተከትሎ ይገባል። መጠኑ ተለክቶ የተሠራው ለዚህ ነው። ውሃውን ስታሳንሱት ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳል። ስኳሩ ሲበዛ ደግሞ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ኮካ፣ ስፕራይት፣ የታሸገ ጭማቂና በስኳር የከበደ ሻይ ለተቅማጥ የማይሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ በኮሌራ ሲረግፉ የግሉኮስ መርፌ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም ስኳርና ጨው በውሃ አስበጥብጠው ቤተሰቦቹ ራሳቸው ለሕሙማኑ እንዲያጠጡ አደረጉ። በካምፑ ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ ቁጥሩ ወደ 4 ገደማ ወረደ። ያዳኑት አጠጪዎቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። እናንተም ዛሬ ማታ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

■ «ጥርስ ሊያወጣ ነው»፣ «ግግ ነው»፣ «እንጥሉ ወርዷል»

ይህን የምጽፈው አያቶቻችንን አክብሬ ነው። ያሳደጉን እነሱ ናቸው። ግን እውነቱ መነገር አለበት። ጥርስ ማውጣት ልጅን በቀን 8 ጊዜ አያስቀምጠውም። በዚያ ዕድሜ ልጁ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ተጨማሪ ምግብም ይጀምራል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። «ጥርስ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕፃን ዓይናችን እያየ ይደርቃል።

ድዱን መውጋት፣ ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ተቅማጥ አያቆሙም፤ ደም ያፈሳሉ፣ በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ በሽታ ያስገባሉ። ደም ያነሰው፣ ውሃ ያለቀበት ልጅ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። «ይረፍበት» ብሎ ጡትና ምግብ መከልከልም እንዲሁ ነው። ሆድ በባዶነት አያርፍም። የሚጠባ ይጥባ፣ እንዲያውም ደጋግሞ፤ የሚበላ ይብላ።

■ እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን። እኛ ባለሙያዎች ልጁን ሳንነካ፣ ሆዱን ሳንዳስስ፣ ቆዳውን ሳንቆነጥጥ «ሰገራ አሠራ» ብለን ወረቀት የምንጽፍበት ቀን አለ። ወላጅ በባዶ እጁ ከተመለሰ ያልታከመ ስለሚመስለው ሦስት መድኃኒት የምንጽፍበት ቀን አለ። ይህ ሕክምና አይደለም፤ ማባበል ነው።

ስለዚህ መብታችሁን ልስጣችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ባለሙያውን በትሕትና እንዲህ ጠይቁ፦ «ልጄ የፈሳሽ እጥረት አለበት? ምን ያህል?» «ይህ መድኃኒት ለየትኛው በሽታ ነው?» «ኦአርኤስና ዚንክስ?» መልሱን የማወቅ መብት አላችሁ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

■ ሐይቁ ዳር ያደገው ልጅ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሕፃኑ ነው። አሁን የ10 ዓመቱን ልጅ እንይ። ከብት ሊያጠጣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ይዋኛል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ወይም ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ ከእናቱ ጋር ልብስ ያጥባል። ሆዱን ጊዜ እየጠበቀ ይቆርጠዋል። አልፎ አልፎ ሰገራው ደምና ንፍጥ አለው። ይደክመዋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ባለፈው ዓመት 3 ጊዜ ፍላጅል፣ 2 ጊዜ የወስፋት መድኃኒት ወስዷል። ይሻለዋል፣ ይመለስበታል።

ይህን ልጅ ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረለት አለ? በሐይቅ አካባቢ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ እዚህ መኖሩን ደጋግመው አሳይተዋል። አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሚሆነው ስንጠረጥረው ነው።

የቢልሃርዚያ ትል አንጀት ውስጥ አይኖርም፤ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው የሚኖረው። እንቁላሉ ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ ከፊሉ በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ይቀራል። ሳይታከም ዓመታት ከቆየ ጉበትን ያጠነክራል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ በመጨረሻም ደም ያስተፋል። ፍላጅል ይህን ትል አይነካውም። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞልም ሆነ ሜቤንዳዞል አያድነውም። የሚያድነው ፕራዚኳንተል ነው፤ በክብደት ወይም በቁመት ተለክቶ የሚሰጥ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን የሚያልቅ እንክብል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ።

1. ጤና ተቋም ስትሄዱ «ልጄ ሐይቅ ውስጥ ይዋኛል» ብላችሁ ተናገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትለውጣለች። እንቁላሉ በየቀኑ እኩል ስለማይወጣ በአንድ ቀን ምርመራ ላይታይ ይችላል፤ በሌላ ቀን ድገሙ ከተባላችሁ አትሰልቹ።

2. በትምህርት ቤት የፕራዚኳንተል ዘመቻ ሲመጣ ልጃችሁን ቁርስ አብልታችሁ ላኩት። የሆድ ቁርጠት ወይም ማዞር ቢሰማው በአብዛኛው በዚያው ቀን ያልፋል። «ልጆቹን አሳመማቸው» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ቤት አታስቀሩት። ዘመቻው በዋናነት የሚደርሰው ለትምህርት ዕድሜ ልጆች ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ የሚንቦጫረቅ ትንሽ ልጅ ካላችሁ ለባለሙያ ንገሩ።

3. ሐይቁ ዳር አትጸዳዱ፤ ልጆቻችሁንም አታስጸዳዱ። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ወደ ውሃ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያም በሺዎች ሆኖ ይወጣና በዋናተኛው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። የመድኃኒት ጋጋታ ይህን ሰንሰለት አይበጥሰውም፤ መጸዳጃ ቤት ግን ይበጥሰዋል።

ኢትዮጵያዊው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት። የራሳችን ሰው በራሳችን ወንዝ ዳር ቆሞ ጠየቀ፣ መረመረ፣ አገኘ። እኛ ግን ዛሬም ሳንጠይቅ እንገምታለን።

■ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ቢያስቀምጠው

• ኦአርኤስ፦ ፓኬቱ ላይ ያለውን መጠን አንብቡ። የ1 ሊትር ከሆነ ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ አትክፈሉት። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉትና ሌላ አዘጋጁ።
• ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ የቡና ሲኒ ያህል። ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና በዝግታ ቀጥሉ።
• ዚንክ፦ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢያቆምም እስከ መጨረሻው ስጡት።
• ጡት ደጋግማችሁ አጥቡ። ምግብ ለጀመረ ልጅ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሾርባውን አትከልክሉ። ሲሻለው ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ምግብ ጨምሩለት።
• ለትልቅ ሰው የሚሸጥ የተቅማጥ ማቆሚያ፣ እንደ ሎፔራማይድ ያለ፣ ለልጅ በፍጹም አትስጡ።

ኦአርኤስና ዚንክ ለማግኘት ሆስፒታል ድረስ መሄድ የለባችሁም። በቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ልጁን አይታ ልትሰጣችሁ የሠለጠነች ናት። «ምርመራ ገንዘብ ይፈጃል» ለምትሉ፣ ለተቅማጥ ትልቁ ምርመራ ዓይንና እጅ ነው፤ ዓይኑን ማየት፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ መልቀቅ፣ ሲጠጣ መመልከት። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም።

■ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም የምትሮጡት መቼ ነው?

• መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው
• ከፈዘዘ፣ ከተልፈሰፈሰ፣ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም ካንቀጠቀጠው
• ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንቱ ከቀረ
• ሰገራው ደም ካለው፣ ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ካለፈው
• ትኩሳት ካለው፤ በተለይ ከቆላው የአምባሰል ክፍል ከሆናችሁ የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ወባም ያስመልሳል
• አረንጓዴ ካስመለሰውና ሆዱ ከተነፋ። ሕፃኑ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ደጋግሞ ከጮኸና ደም የቀላቀለ ንፍጥ ካስቀመጠው፣ አንጀቱ በአንጀቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህ «አሜባ» ተብሎ ፍላጅል የሚጠበቅበት ሳይሆን በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል የሚሄዱበት ነው
• ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ተቅማጥ ካለው ምንም ምልክት አትጠብቁ፤ ውሰዱት። በመንገድ ላይም ጡቱን አታቋርጡ፤ ትልልቆቹንም ኦአርኤስ እያጠጣችሁ ሂዱ

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን እንደምትወዱ አውቃለሁ። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ያቆማችሁም ፍቅራችሁ ነው። እኔ የምለምነው ያንን ፍቅር ወደ ልጁ እንድታዞሩት ነው፤ መጀመሪያ ልጁን እዩት፣ ከዚያ አጠጡት፣ ከዚያ አስመርምሩት። ሽሮፑ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቤታችሁ 2 ፓኬት ኦአርኤስ ዛሬውኑ አስቀምጡ። ቡና ስታፈሉ ለጎረቤቶቻችሁም ይህንኑ ንገሯቸው።

ጽሑፉን ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ፤ በተለይ ትንሽ ልጅ ላላት እናት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። የልጁን ስምና ፎቶ ግን አታስቀምጡ።

ጤና ይብዛላችሁ።